የጠላ እርሾን በኮምፒውተር ማሳደግ፦ የሕያው ሕዋስን አሠራር በስሌት ለመረዳት የሚጠቅም መመሪያ

በአንድ ቀን የተጠነሰሰ ጠላ ሸዋ ሮቢት ላይ ቶሎ ይፈላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ፣ በተለይ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲመጣ፣ ጋኑ ካልተሸፋፈነ ጠማቂዋን ያስጠብቃል። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ጥያቄው ቀጥሎ ያለው ነው፦ በስንት ሰዓት ይዘገያል? እርሾ ቢጨመርበት ብርዱ ይካካሳል ወይስ አይካካስም? በጋኑ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሕዋስ ምን እየሠራ ነው? እነዚህን በአፍ መመለስ አይቻልም፤ ማስላት ያስፈልጋል።

ይህ መመሪያ ለባዮሎጂ ተማሪዎች፣ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራንና ኮምፒውተር ነክቶ ለማያውቅ የላቦራቶሪ ባለሙያ የተጻፈ ነው። የሚያስፈልገው ኤክሴል ወይም በነፃ የሚገኘው ሊብሬኦፊስ ያለበት አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ አንድ የወጥ ቤት ሚዛንና ደረቅ እርሾ ነው። ኢንተርኔት የሚፈለገው ወደ መጨረሻው ላይ ሲሆን እሱም ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። «ኮምፒውተሬ ደካማ ነው» የሚል ካለ፣ ሆጅኪንና ሃክስሊ በ1952 ያሳተሙትን የነርቭ ሕዋስ ሞዴል ያስታውስ። የዩኒቨርሲቲያቸው ኮምፒውተር በዚያ ወቅት ለማሻሻያ ተዘግቶ ስለነበር ሃክስሊ ስሌቱን የሠራው በእጅ በሚሽከረከር ማስሊያ ነው። የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ሥራ ነው፤ መብራት ቢጠፋም አይቆምም ነበር።

መጀመሪያ፦ ጥያቄውን ማጥበብ

«ሕዋስ እንዴት ይሠራል?» የሚል ጥያቄ ለኮምፒውተር አይሰጥም። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፦ ሁሉንም ለማካተት ይነሳና ከሁለት ሳምንት በኋላ በሠላሳ ቀስት የተሞላ ውብ ሥዕል ይዞ ይቀራል። ሥዕሉ ምንም አይተነብይም፤ የማይተነብይ ነገር ደግሞ ሊሳሳት አይችልም፤ ሊሳሳት የማይችል ሞዴል ምንም አያስተምርም።

ስለዚህ ጥያቄዎ መልሱ ቁጥር የሆነ፣ ቁጥሩም ቤት ውስጥ ሊለካ የሚችል ይሁን። የእኛው ይህ ነው፦ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 100 ግራም ስኳርና ጥቂት እርሾ ቢገባ፣ ስኳሩ በስንት ሰዓት ያልቃል? ጠላው ራሱ ብቅል፣ ጌሾ፣ እንኩሮና በርካታ ዓይነት ተሐዋስያን ያሉበት በመሆኑ ለመጀመሪያ ቀን ይከብዳል። ወደ እሱ በኋላ እንመለሳለን።

ቀጥሎ፦ በወረቀት ላይ መሳል

ኮምፒውተሩን ሳይከፍቱ በወረቀት ላይ አራት ክብ ይሳሉ፦ ስኳር፣ ሕዋስ፣ አልኮል፣ ጋዝ። ከስኳር ወደ ሦስቱ ቀስት ያውጡ። በእያንዳንዱ ቀስት ላይ ምን ያህል እንደሚተላለፍ ይጻፉ። እዚህ ላይ ኬሚስትሪ ያግዘናል፦ 180 ግራም ግሉኮስ ሙሉ በሙሉ ቢፈላ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ስለዚህ ከ100 ግራም ስኳር ከ51 ግራም በላይ አልኮል አገኘሁ የሚል ሞዴል፣ በዓለም ላይ ያለ ምርጥ ኮምፒውተር ቢያወጣውም፣ ስህተት ነው። በተግባር እርሾው ከስኳሩ ጥቂቱን ሰውነቱን ይሠራበታል፤ ጥቂቱን ደግሞ እንደ ግሊሰሮል ወዳሉ ነገሮች ይለውጠዋል። ስለዚህ ከ100 ግራም 45 ግራም አልኮል፣ 43 ግራም ጋዝ፣ 5 ግራም ሕዋስ ብለን እንነሳ። ድምሩ 93 ነው፤ ቀሪው 7 ለሌላው ይሁን። ድምሩ ከ100 ካለፈ ቁሳዊ ሂሳቡ ተፋልሷልና ወደ ወረቀቱ ይመለሱ።

ሦስተኛው ደረጃ፦ ሰንጠረዡን መሥራት

ዋናው ሥራ ይህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንሂድበት።

በገጹ አናት ላይ አምስት ቁጥሮች በየራሳቸው ሳጥን ይጻፉ። የዕድገት ፍጥነት፦ 0.3 በሰዓት። ግማሽ ነጥብ፦ 1 ግራም በሊትር፤ ይህም የእርሾው ዕድገት ከከፍተኛው ፍጥነት ግማሽ የሚሆንበት የስኳር መጠን ነው። የሕዋስ ምርት፦ 0.05። የአልኮል ምርት፦ 0.45። የጊዜ እርምጃ፦ 0.1 ሰዓት፣ ማለትም ስድስት ደቂቃ። እነዚህ ለመነሻ የሚሆኑ ምክንያታዊ ቁጥሮች እንጂ ቃለ መሐላ አይደሉም፤ በኋላ ሚዛኑ ያርማቸዋል።

ከሥሩ ስድስት አምድ ይክፈቱ፦ ሰዓት፣ ሕዋስ፣ ስኳር፣ አልኮል፣ ጋዝና በዚህ እርምጃ የሚበላ ስኳር። በመጀመሪያው ረድፍ ሰዓት 0፣ ሕዋስ 0.1 ግራም፣ ስኳር 100 ግራም፣ አልኮልና ጋዝ 0 ይሁኑ። ስድስተኛው አምድ የሚሰላው እንዲህ ነው፦

የሚበላ ስኳር = እርምጃ × የዕድገት ፍጥነት × ሕዋስ × ስኳር ÷ (ስኳር + ግማሽ ነጥብ) ÷ የሕዋስ ምርት

ይህ ቀመር የፈረንሳዩ ባዮሎጂስት ዣክ ሞኖ በ1940ዎቹ ባክቴሪያን ሲያሳድግ የተጠቀመበት ነው። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ስኳር ሲትረፈረፍ ፍጥነቱን የሚወስነው የሕዋሱ ብዛት ነው፤ ስኳር ሲያልቅ ደግሞ ስኳሩ ራሱ።

በሁለተኛው ረድፍ ሕዋስ ማለት ያለፈው ሕዋስ ሲደመር የተበላው ስኳር በ0.05 ተባዝቶ ነው። ስኳር ማለት ያለፈው ስኳር ሲቀነስ የተበላው። አልኮል፣ ያለፈው ሲደመር የተበላው በ0.45 ተባዝቶ። ጋዝ ደግሞ የአልኮሉ 0.96 እጥፍ፤ ከላይ ካለው 88 ለ92 የመጣ ነው። አናት ላይ ያሉትን አምስት ቁጥሮች በቀመር ሲጠሩ የዶላር ምልክቱን አይርሱ፤ አለበለዚያ ቀመሩን ወደ ታች ሲጎትቱት ማጣቀሻው አብሮ ይወርድና ሰንጠረዡ በስህተት ይሞላል።

በትክክል መሥራትዎን በዚህ ያረጋግጡ፦ በመጀመሪያው ረድፍ የሚበላው ስኳር 0.0594 ግራም፣ በሁለተኛው ረድፍ ሕዋሱ 0.10297፣ ስኳሩ 99.9406፣ አልኮሉ 0.0267 መሆን አለበት። ከገጠመ እስከ ስድስት መቶኛው ረድፍ ይጎትቱት፤ የስድሳ ሰዓት ታሪክ ያገኛሉ።

አሁን ወደ 135ኛው ረድፍ አካባቢ ይውረዱ። ስኳሩ ከዜሮ በታች ወርዶ እየዘለለ ነው፤ እርሾው የሌለ ስኳር እየበላ ነው ማለት ነው! ይህ የባዮሎጂ ሳይሆን የስሌት ጣጣ ነው። ወደ መጨረሻው አምስት ግራም ሕዋስ አለ፤ ሕዋሱ በስድስት ደቂቃ ሊበላ የሚችለው በጠርሙሱ ውስጥ ካለው ይበልጣል፣ ቀመሩ ደግሞ እርምጃውን እስኪጨርስ ድረስ ዘወር ብሎ አያይም። መፍትሔው ሁለት ነው። እርምጃውን ወደ 0.01 ማሳነስ፤ ይህም ረድፉን አሥር እጥፍ ያበዛዋል። ወይም ደግሞ ስድስተኛውን አምድ ሚን (MIN) በተባለው የኤክሴል ትእዛዝ ማጠር፣ ከተሰላው ቁጥርና ከተረፈው ስኳር ትንሹን እንዲወስድ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ግን አንድ ጊዜ ሁለቱንም ሠርተው ያነጻጽሩ። እርምጃ ሲያሳንሱ መልሱ በብዙ ከተለወጠ የመጀመሪያው መልስ እምነት አይጣልበትም። ይህ ፍተሻ ከኤክሴል እስከ ትልልቁ ሶፍትዌር ድረስ አንድ ነው።

ከታረመ በኋላ ስኳሩ በ13 እና በ14 ሰዓት መካከል ያልቃል።

አራተኛ፦ ቁጥሮቹን መነካካት

ብዙ ሰው ግራፉን አይቶ ይደሰትና እዚህ ያቆማል። ሞዴሉ መናገር የሚጀምረው ግን ሲነካካ ነው።

በሙቀት እንጀምር። በግምት፣ በሕዋስ ውስጥ ያሉ ኬሚካዊ ሂደቶች ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ፍጥነታቸው ወደ ግማሽ ይወርዳል። 0.3 ለ30 ዲግሪ ነው ካልን፣ ለ20 ዲግሪ 0.15፣ ለ10 ዲግሪ 0.075 ያስገቡ። ማለቂያው ወደ 27 ሰዓት፣ ከዚያም ወደ 54 ሰዓት ይሄዳል። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማበር ዋሻ በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው በቆዳው የሚያውቀው ልዩነት በቁጥር ሲመጣ ይህን ይመስላል።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄ፦ እርሾ ብናበዛስ? ሙቀቱን ወደ 30 ይመልሱና የመነሻውን ሕዋስ ከ0.1 ወደ 0.2 ያሳድጉ። እጥፍ እርሾ የሚያተርፈው ሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ አንድ የመራቢያ ዙር መቅደም እንጂ ሌላ አይደለም። በ10 ዲግሪ ቢሆን ወደ 9 ሰዓት ያተርፋል፤ ከ54ቱ ግን ያም ብዙ አይባልም። እናቶች ጋኑን ወደ ምድጃው የሚያስጠጉት እርሾ ሳያጡ ነው።

ሦስተኛው ሙከራ ለተመራማሪ ይጠቅማል። ግማሽ ነጥቡን ከ1 ወደ 2 ያድርጉት። መልሱ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይለወጥም። እንግዲህ ትክክለኛውን ግማሽ ነጥብ ለማግኘት መጽሔት ሲያገላብጡ አንድ ወር አያጥፉ፤ ድካምዎን ለዕድገት ፍጥነቱ ይስጡ። እያንዳንዱን ቁጥር በተራ በ10 በመቶ እያዛነፉ የማለቂያውን ሰዓት በትንሽ ሰንጠረዥ ቢመዘግቡ፣ የቱ መለካት እንዳለበትና የቱ በግምት ሊታለፍ እንደሚችል ከማንም ሳይጠይቁ ያውቃሉ።

አምስተኛ፦ ጠርሙሱን መመዘን

አንድ ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 100 ግራም ስኳር ይሟሙ። አንድ ግራም ደረቅ እርሾ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጠው በሲሪንጅ 10 ሚሊ ሊትር ብቻ ይጨምሩ፤ 0.1 ግራም ማለት ይህ ነው። የጠርሙሱን አፍ በጥጥ ይሸፍኑት፤ በፍጹም በክዳን አያጥብቁት፣ በጋዙ ግፊት ይፈነዳል። ሌላ ጠርሙስ በውሃና በስኳር ብቻ ሞልተው አጠገቡ ያስቀምጡ፤ በትነት የሚጠፋውን ክብደት የሚነግርዎ እሱ ነው። ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ ሁለቱንም ይመዝኑ። የጎደለው ክብደት፣ ትነቱ ሲቀነስለት፣ ያመለጠው ጋዝ ነው፤ ሞዴሉ 43 ግራም ብሏል። የሱቅ ስኳር ግሉኮስ ሳይሆን ሱክሮስ በመሆኑ ቁጥሩ በጥቂቱ ከፍ ይላል፣ ከጋዙ የተወሰነው ደግሞ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል። እነዚህ ትናንሽ ናቸው።

ትልቁ ልዩነት ሌላ ነው። ጠርሙስዎ በ14 ሰዓት አይጨርስም፤ ምናልባት ቀናት ይፈጅበታል። እዚህ ላይ «ሞዴሉ አልሠራም» ብሎ ፋይሉን መሰረዝ አለ፤ «ምን ረሳን?» ብሎ መጠየቅም አለ። የረሳነው ብዙ ነው። ደረቁ እርሾ ነቅቶ ለመራባት ጊዜ ይወስዳል። አልኮሉ ሲበዛ ራሱ እርሾውን ያዳክማል፤ ብዙ ሞዴሎች ወደ 90 ግራም በሊትር ሲጠጋ ዕድገት ይቆማል ብለው ይነሳሉ። ይህን ለመጨመር የሚበላውን ስኳር በ(1 − አልኮል ÷ 90) ማባዛት ይበቃል። ከሁሉም በላይ ግን በጠርሙሱ ውስጥ ናይትሮጅን የለም! ስኳር ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን እንጂ ሌላ አይደለም፤ ከሱ ብቻ ፕሮቲን አይሠራም። ሁለተኛ ጠርሙስ አዘጋጅተው ከተፈጨ ብቅል በተቀቀለና በተጠለለ ውሃ ይሥሩት፣ ኩርባዎቹንም ያነጻጽሩ። ባልትናው ብቅልን ለስኳሩ ብቻ እንዳልመረጠው ሚዛኑ ያሳይዎታል።

ከዚህ በኋላ የተለካውን ከተሰላው ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ የልዩነቶቹን ካሬ ደምረው፣ ድምሩ እስኪያንስ ድረስ ቁጥሮቹን ያስተካክሉ። ኤክሴል ውስጥ ሶልቨር የሚባለው መሣሪያ ይህን በራሱ ይሠራል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የመነሻ ሕዋስንና የዕድገት ፍጥነትን አብረው እንዲፈለጉ አይልቀቋቸው። በሻካራ ሚዛን፣ ብዙ ሕዋስ በዝግታና ጥቂት ሕዋስ በፍጥነት ተመሳሳይ ኩርባ ይሰጣሉ፤ ሶልቨሩ ከሁለቱ አንዱን በልበ ሙሉነት ይነግርዎታል። እርሾውን በሲሪንጅ የለካነው ለዚህ ነው፤ እሱን ቆልፈው ሌላውን ይፈልጉ።

ስድስተኛ፦ ወደ ሕዋሱ ውስጥ መግባት

እስካሁን ሕዋሱ የተዘጋ ሳጥን ነበር፤ ስኳር ይገባል፣ አልኮል ይወጣል። ውስጡን ለማየት ኢንተርኔት ወዳለበት፣ ለምሳሌ ወደ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ቀን ይሂዱ። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋና ኮብራፓይ (COBRApy) የተባለውን ጥቅል በላፕቶፕዎ ላይ ይጫኑ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። የእርሾውን ሞዴል ቢግ (BiGG) ከተባለው የሕዋስ ሞዴሎች የመረጃ ቋት በፍላሽ ይያዙ። ከዚያ በኋላ ቤትዎ ሆነው ያለ መስመር መሥራት ይችላሉ።

ዘዴው የፍሰት ሚዛን ትንተና ይባላል። ሐሳቡ ይህ ነው፦ በሕዋሱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የሚመረተውና የሚፈጀው እኩል ነው ብለን እንነሳ። ከዚያ እያንዳንዱ ኬሚካዊ ለውጥ ምን እንደሚፈጅና ምን እንደሚያወጣ በአንድ ትልቅ ሰንጠረዥ እንጽፋለን፤ ወደ ውስጥ የሚገባውን ምግብ እንወስንና «ከዚህ ሁሉ የሚቻል መንገድ ውስጥ ሕዋሱን በፍጥነት የሚያሳድገው የትኛው ነው?» ብለን ኮምፒውተሩን እንጠይቃለን። የእያንዳንዱን ኢንዛይም ፍጥነት ማወቅ አያስፈልግም፤ ዘዴው የተወደደውም ለዚህ ነው።

በቀጥታ ወደ እርሾ አይዝለሉ። ከኮብራፓይ ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ የመማሪያ ሞዴል አለ፤ የኢ ኮላይ ባክቴሪያ ዋና ዋና ኬሚካዊ መንገዶች የተጠቃለሉበት፣ 95 ለውጦች፣ 72 ንጥረ ነገሮችና 137 ጂኖች ያሉት። ይጫኑትና ምንም ሳይነኩ ያስሉት፤ የዕድገት ፍጥነቱ 0.874 በሰዓት ይሆናል፣ ባክቴሪያው በ48 ደቂቃ ገደማ በእጥፍ ይራባል ማለት ነው። አሁን የኦክስጅኑን መግቢያ ዝቅተኛ ወሰን ዜሮ አድርገው ደግመው ያስሉ። 0.212 ይመጣል፤ መራቢያው ወደ ሦስት ሰዓት ከሩብ ይረዝማል። የስኳሩ መጠን አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከእያንዳንዱ ስኳር የሚገኘው ጉልበት ነው። የወጡትን ነገሮች ዝርዝር ይመልከቱ፦ አሁን አሴቴት፣ ፎርሜትና ኢታኖል ይገኙበታል። ማንም «አፍላ» ብሎ አላዘዘውም፤ መንገዱን ያገኘው ከሂሳቡ ነው። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ሥራ ይህ ቅጽበት ይበልጥብኛል።

ቀጥሎ 137ቱን ጂኖች አንድ በአንድ ያጥፉ። ለዚህ የተዘጋጀ ትእዛዝ አለ፤ በአሮጌ ላፕቶፕም ቢሆን ብዙ አይቆይም። የአብዛኞቹ መጥፋት ዕድገቱን እምብዛም አይነካውም፤ ጥቂቶቹ ግን ዜሮ ያደርጉታል። የትኞቹ እንደሆኑ ከማየትዎ በፊት በወረቀት ላይ ይገምቱ፤ ሳይገምቱ ማየት ፈተናን መልሱን ይዞ እንደመፈተን ነው።

ከዚያ እርሾው። አይ ኤም ኤም 904 (iMM904) የተባለው ሞዴል 904 ጂኖችና 1,577 ለውጦች አሉት። የእርሾ ሙሉ የዘር መረጃ በ1996 ተነቦ ያለቀ ሲሆን ወደ 6,000 ጂኖች አሉት፤ ስለዚህ ሞዴሉ የሚሸፍነው ከፊሉን ብቻ ነው። ሁለት ሙከራ ይሥሩበት።

አንደኛው ኦክስጅኑን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ነው። ሞዴሉ «አላድግም» ቢልዎ አይደንግጡ። እርሾ የሕዋስ ሽፋኑን የሚሠራበትን ኤርጎስትሮል ያለ ኦክስጅን መሥራት አይችልም፤ ከውጭ ማግኘት አለበት። ስለዚህ ኤርጎስትሮሉና መሰል ቅባቶቹ እንዲገቡ በሩን ይክፈቱለት። ቢራ ፋብሪካዎች በብቅሉ ውሃ ላይ እርሾ ከመጨመራቸው በፊት አየር የሚነፉበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ሁለተኛው የተገላቢጦሽ ነው። ስኳሩን ከፍ ባለ ግን በተወሰነ መጠን፣ ኦክስጅኑን ደግሞ ያለ ገደብ ይክፈቱ። ሞዴሉ «አየር ካለ ለምን አልኮል እሠራለሁ? ሁሉንም አቃጥዬ ብዙ ጉልበት አገኛለሁ» ይላል። ሕያው እርሾ ግን ስኳር ሲበዛለት አየር እያለም አልኮል ይሠራል። ክራብትሪ ውጤት ይባላል። ሞዴሉ ለምን ተሳሳተ? ኢንዛይም በነፃ የሚገኝ መስሎታል። ለአተነፋፈስ የሚያስፈልገው ማሽን ብዙ ፕሮቲን ይፈጃል፤ ሕዋሱ ደግሞ የፕሮቲን ቦታው ውስን ነው። ስለዚህ ሲቸኩል ርካሹን መንገድ ይመርጣል የሚለው ማብራሪያ ዛሬ ሰፊ ተቀባይነት አለው። የፕሮቲን ወጪን የሚቆጥሩ አዳዲስ ሞዴሎች የተሠሩትም ይህ ስህተት ስለታየ ነው።

ሰባተኛ፦ ዕድልን ማስገባት

ወደ ኤክሴል እንመለስ። እስካሁን ያሰላነው በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሕዋሳትን አማካይ ነው። በአንድ ሕዋስ ውስጥ ግን የአንድ ጂን መልእክተኛ አር ኤን ኤ፣ ማለትም ፕሮቲን የሚሠራበት የጂኑ ቅጂ፣ ብዙ ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ሦስት ተኩል የሚባል ሞለኪውል የለም። ይህን ለማስላት ዳንኤል ጊሌስፒ በ1970ዎቹ ያቀረበው ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ቀለል ያለውን ዓይነት እንዲህ ይሥሩ።

አንድ ረድፍ 0.1 ደቂቃ ይሁን። አዲስ መልእክተኛ በደቂቃ 0.2 ጊዜ ይሠራል፤ ያለው እያንዳንዱ ደግሞ በደቂቃ 0.05 የመፍረስ ዕድል አለው። በመጀመሪያው አምድ ራንድ (RAND) በተባለው ትእዛዝ ከ0 እስከ 1 ዕጣ ያውጡ። ዕጣው ከ0.02 ካነሰ ቁጥሩ በአንድ ይጨምራል። ያ ካልሆነና ዕጣው ከ0.02 ሲደመር 0.005 በነባሩ ቁጥር ተባዝቶ ካነሰ፣ በአንድ ይቀንሳል። አለበለዚያ ባለበት ይቆያል። ከዜሮ ተነስተው ሁለት ሺህ ረድፍ ይጎትቱ፣ ግራፍ ይሥሩለት፣ ከዚያ የኤፍ 9 ቁልፍን ደጋግመው ይጫኑ። እያንዳንዱ ጫና አዲስ ሕዋስ ነው።

አማካዩ 4 ላይ ይረጋል፤ 0.2ን ለ0.05 ማካፈል ነው። ነገር ግን ከጊዜው 2 በመቶ ገደማ ሕዋሱ አንድም መልእክተኛ የሌለው ሆኖ ያገኙታል፤ ሌላ ጊዜ 8 ወይም 9 ይደርሳል። ከአንድ እናት ሕዋስ የወጡ፣ አንድ ጋን ውስጥ የሚኖሩ፣ አንድ ዓይነት ጂን ያላቸው ሕዋሳት ለምን የተለያየ ጠባይ እንዳላቸው ከዚህ የተሻለ አጭር ማስረጃ አላውቅም።

ከዚህ በኋላ የሌሎችን ሥራ ማየት ተገቢ ነው። ኮፓሲ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር በደካማ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል፣ ፕሮግራም መጻፍም አይጠይቅም። ባዮሞዴልስ ከተባለው የመረጃ ቋት ኤስ ቢ ኤም ኤል (SBML) በተባለው የሞዴል ፋይል ቅርጽ የተቀመጡ ሞዴሎችን አውርደው ይከፍቱበታል። ለመጀመሪያው፣ ኤሎዊትዝና ላይብለር በ2000 የሠሩትን የሦስት ጂኖች ዑደት እመክራለሁ፤ አንዱ ሁለተኛውን፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን፣ ሦስተኛው ተመልሶ አንደኛውን የሚያፍንበት፣ ባክቴሪያን እንደ ሰዓት የሚያወዛውዝ ነው። የመፍረስ ፍጥነቱን እየቀየሩ መወዛወዙ መቼ እንደሚቆም ይፈልጉ።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጠየቅዎ አይቀርም። አልፋፎልድ ከ200 ሚሊዮን በላይ ፕሮቲኖችን ቅርጽ ተንብዮ አስቀምጧል፤ ሠሪዎቹም በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ተካፍለዋል። ታላቅ ሥራ ነው። የፕሮቲን ቅርጽ ማወቅ ግን ፕሮቲኑ በብርድ ሌሊት በስንት ፍጥነት እንደሚሠራ አይነግርም። ሙሉ ሕዋስን በአንድ ሞዴል ለማስላት የተደረገው የመጀመሪያው የተሳካ ሙከራ በ2012 የወጣው የማይኮፕላዝማ ጄኒታሊየም ሞዴል ነው፤ 525 ጂኖች ብቻ ላሏት ባክቴሪያ 28 ንዑስ ሞዴሎች አስፈልገዋል። ከላይ የሠራናቸው ሦስት ዓይነቶች፣ የፍጥነት ቀመሩ፣ የፍሰት ሚዛኑና ዕጣው፣ በየመልካቸው እዚያ ውስጥ አሉ።

መዝገብ አያያዝ

እያንዳንዱን ቁጥር ከየት እንዳመጡት፣ ተለክቶ፣ ተነቦ ወይስ ተገምቶ፣ አጠገቡ ይጻፉ። ፋይሉን በየቀኑ በአዲስ ስም ያስቀምጡ፤ መብራት በመሃል ሲጠፋ የሚጠፋው የዛሬው ብቻ ይሁን። ግራፍ ለሌላ ሰው ሲያሳዩ የተለካውን በነጥብ፣ የተሰላውን በመስመር ይሳሉ፤ ሁለቱን በአንድ መስመር ማቅረብ አንባቢን ማታለል ነው።

አሁን ወደ ጠላው

ጠላ ውስጥ እርሾ ብቻውን አይኖርም፤ ኮምጣጣነቱን የሚያመጡት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አብረውት ከአንድ ስኳር ይበላሉ። በሦስተኛው ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ሁለት አምድ ይጨምሩ፦ የባክቴሪያ ሕዋስና አሲድ። ለባክቴሪያው የራሱን የዕድገት ፍጥነትና ምርት ይስጡት፤ የሁለቱንም የስኳር ፍጆታ ከአንዱ የስኳር አምድ ይቀንሱ፣ ሚን የሚለውን አጥርም ለድምሩ ያድርጉት። ሁለቱ ለሙቀት እኩል ምላሽ እንደሌላቸው ለማየት አንዱን ፍጥነት በየ10 ዲግሪው በ2፣ ሌላውን በ3 እየከፈሉ ይሞክሩ፤ በቆላና በደጋ ማን እንደሚቀድም ይመዝግቡ። ከዚያ ጥንስሱን ሁለት ቦታ ከፍለው፣ አንዱን ውጭ በረንዳ ላይ፣ ሌላውን ምድጃ አጠገብ አስቀምጠው፣ ክብደቱን በሚዛን፣ አሲዱን ከኬሚካል መሸጫ በሚገኝ የፒኤች ወረቀት በየጠዋቱና በየማታው ይለኩ። በሦስተኛ ዕቃ ውስጥ ደግሞ ጌሾውን ይተዉት፦ ያለ ጌሾ የተጠነሰሰው ውስጥ የአሲዱ ኩርባ በቶሎ ከወጣ፣ ለባክቴሪያው አምድ አንድ አዲስ ቁጥር ያስፈልገዋል ማለት ነው።